ናግራን ሄጄ ግድግዳ ላይ «ቀ» አየሁ

ባለተሳቢው · ዓርብ ማታ 3:20

ሰላም ለዚህ ቤት። ታሪክ የምታውቁ ካላችሁ ዛሬ ትፈለጋላችሁ።

ሳዑዲ ደቡቡ ላይ ሹፌር ነኝ። ጭነት ይዤ ናግራን ስገባ ይሄ አራተኛዬ ነው። እዚህ ነጅራን ነው የሚሉት። ሦስቱንም ጊዜ አራግፌ፣ ሩዜን በልቼ፣ ጥቅልል ብዬ ተኝቼ ነው የተመለስኩት። ዛሬ የጭነቱ ወረቀት ተበላሸና ቀኑን ሙሉ ተገትሬ ዋልኩ። አንድ የመናዊ ጓደኛዬ «ከምትቆዝም ና ኡኽዱድን ላሳይህ» አለኝ።

ከተማው ዳር ያለ ፍርስራሽ ነው። የድሮዋ ናግራን እሷ ናት አሉ። መሀል ለመሀል የመፋቂያ ዛፍ በቅሏል። ጓደኛዬ አንዷን ቅርንጫፍ ሲያያት ጥበቃው ገላመጠው። ግንቡ ከተጠረበ ትልልቅ ድንጋይ ነው። አንዱ ላይ እባብ ተቀርጿል። ሌላው ላይ ፈረስ።

እኔን ያስደነገጠኝ ጽሑፉ ነው። ክብ ነገር፣ መሀሉን ቀጥ ያለ መስመር ሰንጥቆት ወደ ታች ወርዷል። «ቀ» ናት እኮ! ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ደግሞ «በ»። ሁለት እግርና ጣሪያ፣ ቁልጭ ያለች በ። «ይሄ የኛ ፊደል ነው» ስለው የመናዊው ሳቀብኝ። «የኛ ነው» አለ።

እኔ ናግራን የሚለውን ስም የማውቀው ልጅ ሆኜ ከቤተ ክርስቲያን ነው። ካሌብ የሚባል ንጉሥ እንዳለበትም ትዝ ይለኛል። ከዚህ በላይ ባዶ ነኝ። እስቲ አጫውቱኝ።

ዘደብረ ፀሐይ · ዓርብ ማታ 3:52

ወንድሜ እግርህ ይባረክ። አዎ፣ ራሷ ናት።

ኅዳር 26 ስንክሳሩ የሚያነሳቸው ሰማዕታተ ናግራን የዚያች ከተማ ሰዎች ናቸው። ያስገደላቸው የሒምየር፣ የጥንቷ የመን ንጉሥ በኛ መጻሕፍት ፊንሐስ ይባላል። ዐረቦቹ ዙ ኑዋስ ይሉታል። የከተማዋ አለቃ ቅዱስ ኂሩት ነው፤ ግሪኮቹ አሬታስ ያሉት፣ ዐረቦቹ ሐሪስ። ዓመቱ በፈረንጅ 523 ነው። «ክርስቶስን ካዱ» ተባሉ፣ እምቢ አሉ፣ በእሳትና በሰይፍ አለቁ።

ወሬው አክሱም ደረሰ። አፄ ካሌብ መርከብ አሰባስቦ በ525 ባሕር ተሻገረ። ከመነሳቱ በፊት አባ ጰንጠሌዎን ዘንድ ሄዶ እንደተባረከ ይነገራል። ድል አድርጎ ሲመለስ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ሰደደና መነኮሰ። የሱ በዓል ግንቦት 20 ነው።

ሰው የማያውቀውን አንድ ልጨምርልህ። ከኂሩት 50 ዓመት ገደማ በፊት አዝቂር የሚባል የናግራን ቄስ ተገድሏል። ገድሉ ተጠብቆ የቆየልን በግእዝ ነው። ስለዚህ ጓደኛህ «የኛ ነው» ሲልህ ቢያንስ አዝቂርን አስታውሰው።

ሚዛን · ዓርብ ማታ 4:30

ስንክሳሩን አልነካም፣ ዲያቆን። ግን የገዳዩ ወገን ራሱ ያስቀረጸው ጽሑፍም አለ። ያውም የዚያው ዓመት።

ባለተሳቢው፣ ከናግራን ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትነዳ ሒማ የሚባል ቦታ አለ። የውኃ ጉድጓዶች ናቸው፣ ዙሪያቸውን ዓለት። እዚያ ዓለት ላይ የዙ ኑዋስ የጦር አዛዥ ያስቀረጸው ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይነበባል። የንጉሡ ትክክለኛ ስም ዩሱፍ አስአር ነው። ሐምሌ 523 ላይ የተጻፈ ነው፣ ማለትም ናግራን ከመውደቋ ጥቂት ወራት ቀድሞ። ምን ይላል? ዘፋር ላይ የነበሩትን ሐበሾች ገደልን፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን አቃጠልን። 12,500 ሰው ገደልን፣ 11,000 ማረክን፣ ግመል፣ ከብትና በግ ተደምሮ 290,000 ነዳን። አሁን ደግሞ ናግራን ላይ መንገድ ዘግተን ቁጭ ብለናል። ይህን ሁሉ እንደ ደህና ሥራ ነው የሚቆጥረው። ጦረኛ በቁጥር ይኩራራልና 290,000ውን እንዳለ አትዋጡት። የዘመቻው ስፋት ግን አያጠራጥርም።

ሌላው፣ ዘፋር ላይ የተገደሉት ሐበሾች እዚያ ምን ይሠሩ ነበር? ካሌብ ከ525 በፊትም ወታደር አስቀምጦ ነበር። ዘፋር የሒምየር ዋና ከተማ ናት። የሒምየር ነገሥታት ከ380ዎቹ ጀምረው ወደ አይሁድ እምነት አዘንብለዋል። አክሱም ደግሞ የቢዛንታይን ወዳጅ ናት። ቀይ ባሕር መሀላቸው። ናግራን ክርስቲያን ስለሆነች ብቻ አልተመታችም። ወገኗም ከባሕር ማዶ ስለነበረ ነው። የአክሱም ወደብ የአዱሊስ ሰዎች ያን ጦርነት ጸሎትም ንግድም አድርገው ነው ያዩት።

ዘደብረ ፀሐይ · ዓርብ ማታ 4:41

ፖለቲካ ነበረበት ብትል እሺ። ሰው እሳት ውስጥ የሚገባው ግን ለንግድ አይደለም።

ሚዛን · ዓርብ ማታ 4:44

እሱማ ልክ ነህ። እኔ ስለገደሉት ነው ያወራሁት፣ አንተ ስለሞቱት።

ፈታ በሉ · ዓርብ ማታ 4:50

ካሌብ እዛው ቢቀር ኖሮ ዛሬ እኛ ነበርን ኢቃማ ጠያቂ 😂

ባለተሳቢው · ዓርብ ማታ 4:52

አቦ አታስቀኝ፣ ስድስት ሆነን ነው አንድ ክፍል የተኛነው።

ሚዛን · ዓርብ ማታ 5:05

ቀልዱ እውነት አለው። ካሌብ ሱምያፋ አሽዋ የሚባል የአገሩን ክርስቲያን ሾሞ ተመለሰ። ከወታደሮቹ ግን ብዙዎቹ አገሩ ጥሟቸው «አንመለስም» አሉ። የቢዛንታይኑ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ ነው የሚነግረን። የካሌብን ሹም አሰሩና አብርሃን አነገሡ። ካሌብ ጦር ቢልክ፣ የተላኩትም ከዳተኞቹን ተቀላቀሉ። አብርሃ በኋላ ሰንዓ ላይ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አሠራ። ዐረቦች ቁለይስ ይሉታል። ቃሉ ከግሪክኛው ኤክሌሲያ የመጣ ነው። ያ የሒማው አዛዥ «አቃጠልን» ያለውን ቤተ ክርስቲያን የጠራውም በዚሁ ቃል ነው።

የደሴዋ ሰዓዳ · ቅዳሜ ጠዋት 1:15

አሰላሙ ዓለይኩም። ሌሊቱን ሁሉ ስታወሩ አድራችሁ አንድ ሰው ሱረቱል ቡሩጅን አላነሳም?

ኡኽዱድ ማለት እኮ የተቆፈረ ቦይ፣ ጉድጓድ ማለት ነው። የቁርኣን 85ኛው ሱራ «የኡኽዱድ ባለቤቶች ተረገሙ» ይላል። ማገዶ የበዛበት እሳት፣ እነሱም ዳሩ ላይ ተቀምጠው በምእመናኑ ላይ የሚያደርጉትን ያያሉ። ብዙ ሙፈሲሮች (የቁርኣን ተንታኞች) ይሄ የናግራን ሰዎች ታሪክ ነው ይላሉ። በአሸናፊው በአላህ ስላመኑ ብቻ ነው የተጠሉት። ልጅ ሆኜ መድረሳ ስቀራው ቦታው ይኖራል ብዬ አስቤም አላውቅ። ባለተሳቢው ወንድሜ፣ አንተ መፋቂያ ዛፍ አየሁ ያልክበት ቦታ ለኛም እንደዚያ ነው።

ደግሞ ናግራን በካሌብ አላለቀችም። ክርስቲያኖቿ ከዚያ በኋላ 100 ዓመት አብበው ኖረዋል። በሂጅራ 10ኛው ዓመት 60 የሚሆኑ ሰዎቿ መዲና ድረስ መጥተው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር ተከራክረዋል። የጸሎታቸው ሰዓት ሲደርስ እዚያው መስጊድ ውስጥ ወደ ምሥራቅ ዞረው ጸለዩ። «ተዉአቸው» ነው የተባለው። ከዚያ ውል ተዋዋሉ፤ በዓመት 2,000 ልብስ ሊሰጡ፣ እምነታቸውም ቀሳውስቶቻቸውም እንዳይነኩ። ልብስ መሆኑን ልብ በሉ። ሸማ የሚያወጣ ከተማ ነበር ማለት ነው።

ቀለም ጠማኝ · ቅዳሜ ጠዋት 1:40

እህት ሰዓዳ፣ የነቢዩን ባልደረቦች፣ ሶሐቦቹን ያስጠለለው ነጃሺ ይሄው ካሌብ ነው እንዴ?

የደሴዋ ሰዓዳ · ቅዳሜ ጠዋት 1:48

አይደለም። ብዙ ሰው ያምታታዋል። የካሌብ ዘመቻ 525፣ የመጀመሪያው ሂጅራ፣ ሶሐቦቹ ወደ ሐበሻ የተሰደዱበት፣ 615። መሀሉ 90 ዓመት ነው።

ዘደብረ ፀሐይ · ቅዳሜ ጠዋት 2:10

እህት ሰዓዳ፣ የመስጊዱን ነገር አላውቅም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ውሉ ካለ ዛሬ ክርስቲያኖቹ የት ደረሱ?

የደሴዋ ሰዓዳ · ቅዳሜ ጠዋት 2:31

በኸሊፋው በሰይዲና ዑመር ጊዜ ወደ ኢራቅ ተዛወሩ። ኩፋ አጠገብ ሰፈሩና መንደሩን ነጅራኒያ አሉት። ምክንያቱን ሰው ለየብቻው ይተነትናል፤ ወለድ በሉ የሚል አለ፣ በዝተው አስፈሩ የሚል አለ። ሰው ሲነቀል የሚይዘው የመንደሩን ስም ነው መቼም። የኛ ሰፋሪዎችም የወጡበትን አገር ስም ለአዲሱ ቀበሌ ሲያወጡ አይተናል።

ቤርሸባ 07 · ቅዳሜ ከሰዓት 8:20

ሻባት ስለነበር ስልክ አልነካሁም የሚል ሰበብ የለኝም፣ ገና አሁን አየሁት 🙂

ናግራን ሲነሳ ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ነገር አለ። እኛ ቤተ እስራኤል ኢትዮጵያ ሳለን የፊንሐስ ታሪክ አንዳንዴ የሚነገረን «የናንተ ዘመድ እንዲህ አደረገ» በሚል ቃና ነበር። አያቴ ጎንደር ላይ ሸክላ ትሠራ ነበር። ናግራንን ከየት ታውቀዋለች?

እዚህ ፎቅ ጎረቤታችን የየመን አይሁድ ናቸው፣ ሽማግሌ። ከሳቸው ነው ናግራን ውስጥ አይሁድ እስከ ትናንት እንደነበሩ የሰማሁት። ከዚያ ራሴ አነበብኩ። የናግራን አይሁዶች በየመን ካሉት ለየት ይሉ ነበር፤ ያም የሚባለው ጎሳ ጥበቃ ሥር ስለነበሩ እንደ ጎረቤቶቻቸው ጩቤ ይታጠቁ ነበር። ሰንዓ ላይ አይሁድ መሣሪያ አይዝም ነበር። ናግራን በ1934 ወደ ሳዑዲ ገባች። ከዚያ 15 ዓመት ገደማ ቆይቶ በኤደን በኩል ወደ እስራኤል መጡ። እንግዲህ ከዙ ኑዋስ ዘመን በፊት ጀምሮ እስከ አያቶቻችን ዘመን ማለት ነው።

ከኛ ጋር የሚያገናኝ ሌላ ሰውም አለ። ዮሴፍ ሐሌቪ። በ1867 ወደ ኢትዮጵያ ሄዶ ቤተ እስራኤልን የጎበኘው ፈረንሳዊ አይሁድ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ደግሞ የየመንን ጥንታዊ ጽሑፎች ፍለጋ ወጣ። እንደ ፈረንጅ ቢሄድ አያልፍም። የኢየሩሳሌም ረቢ መስሎ፣ ምጽዋት የሚሰበስብ ድሃ ሆኖ፣ ከአይሁድ መንደር ወደ አይሁድ መንደር እያለ በ1870 ናግራን ደረሰ። ወደ 700 የሚጠጋ ጽሑፍ ገልብጦ ተመለሰ። መንገዱን ያሳየው ሐይም ሐብሹሽ የሚባል የሰንዓ መዳብ ቀጥቃጭ ነው። ክብሩን የወሰደው ፕሮፌሰሩ ሐሌቪ ነው። ሐብሹሽ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ የራሱን ትረካ ጻፈ። ሁለቱን አንብቡ ብትሉኝ እኔ የቀጥቃጩን ነው የምመርጠው።

ዘደብረ ፀሐይ · ቅዳሜ ከሰዓት 9:02

እህቴ፣ በዚያ ቃና የተናገሩሽ አጥፍተዋል። አንድ ንጉሥ ያደረገውን በሸክላ ሠሪ አያት ላይ መጫን ምን የሚሉት ነው? መጽሐፉም እንዲህ አድርጉ አላለም።

ቤርሸባ 07 · ቅዳሜ ከሰዓት 9:10

ተቀብያለሁ ዲያቆን። ለነገሩ አያቴም ብትሰማህ ቡና ነበር የምታፈላልህ።

ውኃ ሙያዬ · ቅዳሜ ማታ 1:30

ሁላችሁም ስለ ሃይማኖት ስታወሩ አንድ ሰው «ለመሆኑ በረሃ መሀል ከተማ ምን ያደርጋል?» ብሎ አልጠየቀም። የመስኖ መሐንዲስ ነኝ፣ እኔ ልጠይቅ።

ካርታ ክፈቱ። ምሥራቁ ሩብዕ አል ኻሊ ነው፣ ባዶው ሩብ የሚሉት የአሸዋ ባሕር። ምዕራቡ ተራራ። ዝናቡ የሚወርደው ተራራው ላይ ነው። ጎርፉ በናግራን ሸለቆ ይመጣና አሸዋው ውስጥ ይሰምጣል። ላይ ላዩ ደረቅ ነው፣ ከሥር ግን ውኃ አለ። ጉድጓድ ቆፍረህ ቴምር ትተክላለህ። ከደቡብ ዕጣንና ከርቤ ጭኖ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ ሁሉ ግመሉን ማጠጣት አለበት። ሻብዋ፣ ቲምና፣ ማሪብ፣ ከዚያ ናግራን። ናግራን ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በመዲና በኩል ወደ ጋዛ፣ ሌላው በቀርየት አል ፋው አድርጎ ወደ ባሕረ ሰላጤው። መንገድ የሚለያይበት ቦታ ላይ ያለ ጉድጓድ ገንዘብ ነው። በቃ፣ ከተማዋ እሷ ናት።

ለዚህ ነው ሁሉም የሚመኛት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ25 ገደማ ሮማዊው ኤልዩስ ጋሉስ ጦር ይዞ መጣና ያዛት። ወደ ደቡብ ገፍቶ አንድ ከተማ 6 ቀን ከበበና ውኃ አጥቶ ተመለሰ። ሮምን ያህል ኃይል ውኃ ጥም መለሰው። በ328 የሞተው የዐረቡ ንጉሥ ኢምሩልቀይስ መቃብሩ ላይ ካስጻፈው ጀብዱ አንዱ ናግራንን መክበቡ ነው። ሚዛን ይጨምርበት፣ ሐበሾችም ቀድመው ገብተው ነበር መሰለኝ።

ሚዛን · ቅዳሜ ማታ 2:00

ገብተዋል። በ3ኛው መቶ ዘመን፣ ከካሌብ 250 ዓመት ገደማ በፊት፣ ናግራን የሳባን ንጉሥ ከድታ ከሐበሾች ጋር ወገነች። የአክሱሙ ነጋሢ እንደራሴ ከተማዋ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ልብ በሉ፣ ያኔ አክሱምም ናግራንም ክርስቲያን አይደሉም። ወገንተኝነቱ ከእምነቱ ይቀድማል።

የናግራን ክርስትናም በነጋዴ ነው የገባው ይባላል። ሐያን የሚባል ነጋዴ በ5ኛው መቶ ዘመን ኢራቅ ሒራ ድረስ ደርሶ ተጠመቀና ሲመለስ ቤተሰቡን አስተማረ። በዚያው ውኃ ሙያዬ ባለው መንገድ።

ፈታ በሉ · ቅዳሜ ማታ 2:08

ባለተሳቢው የሐያን ዘር ነህ ማለት ነው፣ ጭነት ይዘህ ሄደህ ታሪክ ይዘህ መጣህ።

የሪያዷ · ቅዳሜ ማታ 2:40

እኔ ናግራን ሁለት ዓመት ቤት ሠርቻለሁ። ስለ ጭቃ ቤቶቹ ማንም አላወራም። ፎቅ ናቸው እኮ! የኛ አገር ጭቃ ቤት እንጨት ተማግሮ ይመረጋል። እነሱ እንጨት የላቸውም። ጭቃውን ከገለባ ጋር ያቦኩና ክንድ የሚያህል እርከን ዙሪያውን ይሠራሉ። ይተዉታል፣ ይደርቃል። ከዚያ በላዩ ሌላ። ማዕዘኑን ወደ ላይ ቀና ያደርጉታል። ከሩቅ ስታየው መስመር መስመር አለው፣ ሽሩባ ይመስላል። የማዳሜ እናት እዚያ ቤት ነው ያደጉት። በሐምሌ ከቪላው ይቀዘቅዛል።

ሰዎቹ ደግሞ አብዛኛው ያም ናቸው፣ ኢስማዒሊ የሚባሉ የሺዓ ወገን። ሪያድ ካሉት በእምነት ይለያሉ። ስለዚህ ጉዳይ ብዙም አያወሩም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እንግዳ ግን ያከብራሉ።

የደሴዋ ሰዓዳ · ቅዳሜ ማታ 2:55

ሰው ቤት ተቀምጦ አለመጠየቅም እውቀት ነው እህቴ።

ቀለም ጠማኝ · ቅዳሜ ማታ 3:12

ወደ ፊደሉ እንመለስ። የማን ነው? የየመናዊው ወይስ የኛ?

ሚዛን · ቅዳሜ ማታ 3:40

ሙስናድ ይባላል። የደቡብ ዐረቢያ ጥንታዊ ፊደል። የግእዙ ፊደል ከዚያ ቤተሰብ ነው የወጣው። አናባቢ የለውም፤ ናግራን ሲጽፉ ንግርን ብቻ ነው፣ አራት ፊደል። ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። ሀ፣ ሁ፣ ሂ ብሎ አናባቢ መቀጠል እኛ ያመጣነው ነው፣ በ4ኛው መቶ ዘመን አክሱም ላይ። ስለዚህ የመናዊውም ልክ ነው፣ ባለተሳቢውም በግማሽ።

አዲስ ነገርም እየወጣ ነው። በ2023 ኡኽዱድ ላይ ሦስት የወርቅ ቀለበትና የነሐስ የበሬ ጭንቅላት ተገኝቷል። ከነሱ ጋር 230 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም የሙስናድ ጽሑፍ። የንጉሥ አይደለም። የከተማዋ ነዋሪ የሆነ ሰው ስለ ቤቱ የውኃ ሥራ ያስጻፈው ነው። ውኃ ሙያዬ ደስ ይበልህ።

ውኃ ሙያዬ · ቅዳሜ ማታ 3:46

ከጻድቁም ከጦረኛውም እሱን ነው ማግኘት የምፈልገው።

ባለተሳቢው · እሑድ ማታ 2:25

ይቅርታ፣ ኔትወርክ የለም ነበር። ሒማ ሄጄ ነው።

ወረቀቱ ትናንት ተፈታ። የጫንኩት ወደ ሰሜን ስለነበር ጓደኛዬን ይዤ መንገድ ቀየስ አድርጌ ገባሁ። ጉድጓዶቹ ክብ ናቸው፣ አፋቸው በድንጋይ ተሠርቷል። ጠጠር ጣልኩ። ጥም ብሎ ነው የተሰማው፣ ውኃ አለ። ዓለቱ ላይ ያለው ሥዕል ብዛቱ! ግመል፣ ላም፣ ጦር የያዘ ሰው፣ ፀጉራቸው የተዘረጋ ሴቶች። እዚህ ያለፈ ሁሉ የሆነ ነገር ሳይጭር አልሄደም። አንዱ ላይ መስቀል አለ።

ሚዛን · እሑድ ማታ 2:33

መስቀል ያለበት ጽሑፍ ላይ ሰውባን የሚል ስም ካለ በ470 የተጻፈው እሱ ነው። የዐረብኛ ፊደል ገና ሲወለድ የተጻፈ፣ ዓመቱ ከሚታወቁት ሁሉ ቀዳሚ። የመጀመሪያዎቹን የዐረብኛ ፊደሎች ከጻፉት አንዱ የናግራን አካባቢ ክርስቲያን ነው ማለት ነው።

ባለተሳቢው · እሑድ ማታ 2:50

ማንበብማ የት አውቄ። የአዛዡ የተባለውን ግን ከአጥሩ ውጪ ቆሜ በስልክ አቅርቤ አየሁት። በሚዛን ምክር ከቀኝ ጀመርኩ። ወ አገኘሁ፣ ክቡ ውስጥ መስመር ያለባት። ዐ አገኘሁ፣ እንደኛው ባዶ ክብ። ተ እንደ መስቀል ተጋድማ። «ገ»ን ጓደኛዬ አገኛት። እሱም ማንበብ አይችልም እኮ! «የኛ ነው ያልከው የታል?» ስለው «የኛ ነው፣ ግን አላውቀውም» አለና ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ ተሳቢው በር ላይ አቧራ ነበር። በጣቴ ስሙን በፊደል ጻፍኩለት። እሱ ስልኩ ላይ የሙስናድ ሠንጠረዥ አውርዶ ከሥሩ ያንኑ ስም ጻፈ። ሦስቱ ፊደል ቁርጥ አንድ ነው። አራተኛው ላይ ግን ተጨቃጨቅን፤ እሱ ጠማማ ነው የጻፍከው ይለኛል።

አሁን ሱለዪል ነዳጅ ማደያ ነኝ። በሩን አላጠብኩትም።